የአስራ ስድስት ሰኞ ውሃ

በሕይወቴ ብዙ አጥፍቻለሁ፤ እንደዚህኛው የሚያሳፍረኝ ግን የለም። ምክንያቱም ስሠራው ጽድቅ መስሎኝ ነበር። ሌባ እንኳ መስረቁን ያውቃል። እኔ ግን አስራ ስድስት ሰኞ ሙሉ አንዲት ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት ፊት ቆሜ እያታለልኩ፣ ቤቴ ስገባ "ተመስገን ጌታዬ፣ ጸናሁልህ" እል ነበር። ድፍረቴ! አሁን ትዝ ሲለኝ ብቻዬን መኪና ውስጥ ሆኜ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው። ሎስ አንጀለስ ከመጣሁ ጀምሮ ሌላ ሥራ አላውቅም፤ የስንቱን አገር አሮጊት ገላ አጥቤያለሁ፣ የስንቱን ሽማግሌ ቁጣ ችያለሁ። ያን ጊዜ ኤጀንሲው የላከኝ አንድ የህንድ ቤተሰብ ቤት ነበር፤ ከምኖርበት ከዌስት አዳምስ ትራፊክ ከሌለ ሃያ ደቂቃ ድራይቭ ነው። ቤተሰብ ልበል እንጂ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። እናትየዋ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ግላኮማ ዓይናቸውን ወስዶታል፣ ፓርኪንሰን ደግሞ እጃቸውን ያንቀጠቅጠዋል። ልጃቸው የኔ እኩያ ናት፣ ቢሮ ትሠራለች፣ አታወራም፣ አትስቅም፣ ሁሉን ነገር በወረቀት ጽፋ ፍሪጅ ላይ ትለጥፋለች። እናትየዋን በስማቸው መጥራት ስላልሆነልኝ ገና ከመጀመሪያው ቀን እማማ አልኳቸው። ትርጉሙን ጠይቀውኝ ነገርኳቸውና ደስ አላቸው።

ያን ዕለት ልጃቸው ቤቱን እያዞረች ስታሳየኝ ኩሽና ገባን። ከሲንኩ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ የእንጨት ቁምሳጥን አለ። ሳህን የሚቀመጥበት መስሎኝ ነበር። ስትከፍተው በስመ አብ! ውስጡ በተሰቀለው ሥዕል ላይ አንድ አምላክ ተቀምጧል፤ ገላው አመድ የተነሰነሰበት፣ ጉሮሮው ሰማያዊ፣ ጸጉሩ ላይ ጨረቃ የተሰካ፣ ግንባሩ ላይ ሦስተኛ ዓይን ያለው፣ በእጁ ባለ ሦስት ጫፍ ጦር የያዘ። እሱስ ይሁን። አንገቱ ላይ ግን እባብ! ኮብራ ራሱን ቀና አድርጎ እንደ ሐብል ተጠምጥሞበታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ያደግኩት እባብ ማለት ሰይጣን ነው እየተባልኩ ነው። ከሥዕሉ ሥር የነሐስ ሰሃን ላይ ጡጫ የሚያክል ጥቁር ለስላሳ ድንጋይ ቆሟል።

"ይሄ ሺቫ ነው" አለችኝ ልጃቸው፤ "እናቴ ያለ እሱ ቀኗን አትጀምርም።"

በማግስቱ ጠበል በውሃ ጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። እማማን በር አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ፣ ቁምሳጥኑን ከፍቼ፣ አባታችን ሆይ እያልኩ ረጨሁት። ምን ያህል እንደረጨሁት እንጃ፣ ጠብታው እማማ ፊት ላይ ደረሰ።

"የሚንጠባጠበው ምንድን ነው?" አሉ፣ ጉንጫቸውን እየዳበሱ።

"እቃ እያጠብኩ ነው እማማ!"

በዚያ ቤት የመጀመሪያዋ ውሸቴ እሷ ናት። እየሳቅኩ ነው የዋሸኋቸው፤ ለጓደኛዬም በስልክ ነግሬያት ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ታመመች። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘና ካንሰር ነው ተባለ። ሕክምናው ሰኞ ሰኞ ሆነ፤ በጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች፤ ከዚያ አልጋ ላይ ትወድቃለች። እማማ ሁለት ቀን አንድ ቃል ሳይናገሩ ከረሙ። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና "ለሺቫ ተስያለሁ" አሉኝ፤ እሳቸው በእንግሊዝኛ ነው ያሉት፣ እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ስለት ምን እንደሆነ ለኔ ማን ያስረዳኛል? እኔ ራሴ ዲቪ የደረሰኝ ጊዜ ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ ተስዬ፣ እዚህ ከመጣሁ በኋላ በሰው እጅ እስክልክ ድረስ እንቅልፍ አልነበረኝም።

ስለታቸው እንዲህ ነው። አስራ ስድስት ሰኞ፣ ሳይቋረጥ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ እህል አይቀምሱም። ጠዋት ታጥበው በትንሿ የመዳብ ማሰሮ በድንጋዩ ላይ ውሃ ያፈስሳሉ፣ ከዚያ ወተት፣ ከዚያ እንደገና ውሃ፤ በመጨረሻም ሦስት ሦስት ሆኖ የሚበቅል ቅጠል ያኖሩለታል። አምላካቸው ልጃቸውን ይምርላቸዋል። አንዱ ሰኞ ከጎደለ ወይም ከተበላሸ ከአንድ እንደገና ይጀመራል።

የመጀመሪያውን ሰኞ ራሳቸው ሞከሩት። እጃቸው ማሰሮዋን መቆጣጠር አልቻለም፤ ከእጃቸው ወጥታ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ ወተቱ ወለሉን ሞላው። እዚያው ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሳነሳቸው እጄን ያዙኝ።

"የዛሬው አይቆጠርም፣ ከሚቀጥለው ሰኞ እንጀምራለን" አሉ። "አንቺ ትጾሚያለሽ፤ አውቃለሁ፣ ረቡዕና ዓርብ እስከ ስንት ሰዓት አፍሽን እንደማታሟሺ እሰማለሁ። የጾመኛ እጅ ንጹሕ ነው። በኔ እጅ ፋንታ ያንቺ ይሁን። ጸሎቱን እኔ እላለሁ፣ ማፍሰሱን አንቺ አፍስሺልኝ።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ። "እማማ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም፣ ሌላ ሰው ይጠራልዎ" ብል አፌን አይቆርጡኝም። ሁለት ቤት አልፎ ደግሞ የአገራቸው ሴት አለች፤ ብትጠየቅ በሩጫ ነበር የምትመጣው። ግን ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ፣ አስቸጋሪ ናት እንዳልባል ፈራሁ። ሶ፣ "ኦኬ እማማ" አልኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ቁምሳጥኑን ከፈትኩት። ማሰሮዋን ይዤ ድንጋዩ ፊት ቆምኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ይሄን የማደርግ ከሆነ ምኑን ክርስቲያን ሆንኩ አልኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በቋንቋቸው እያዜሙ ነው። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩና ውሃውን ቀስ አድርጌ ሲንኩ ውስጥ አፈሰስኩት። ወተቱንም። እንደገና ውሃውን። ቅጠሉን ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩት።

"ረጠበ?" አሉኝ።

"ረጥቧል እማማ።"

"ወተቱስ?"

"ወተቱም ፈስሷል።"

መፍሰሱማ ፈስሷል። የት እንደፈሰሰ አልጠየቁኝ! በዚህ ብልጠቴ ስኮራ ዋልኩ እላችኋለሁ። እሳቸው ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ግንባራቸው ላይ አደረጉና "ተባረኪ" አሉኝ።

ሰኞ ሰኞ ረሃቡን ለመርሳት ስለ አምላካቸው ያወሩልኝ ነበር። እኔም እንደሆነ አፌ አያርፍም፣ እከራከራቸዋለሁ።

"እማማ፣ አይቆጡኝና፣ አምላክ እንዴት አንገቱ ላይ እባብ ያደርጋል?"

"ታዲያ የት ይሂድ?" አሉኝ ሳቅ ብለው። "ሰው ሁሉ በዱላ ያባርረዋል። ማንም የማይፈልገውን ሁሉ የሚወስደው እሱ ነው። እባቡን ወሰደ። የሬሳ አመድ ማን ይቀባል? እሱ ተቀባ። ጨረቃ እንኳ ተረግማ ልትጠፋ ስትል ራሱ ላይ ያስጠለላት እሱ ነው።"

"ጉሮሮውስ ለምን ሰማያዊ ሆነ?"

ይሄን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይለወጣል። በጥንት ዘመን አማልክቱና አጋንንቱ የማይሞቱበትን መጠጥ ፍለጋ ባሕሩን እንደ ወተት ናጡት አሉ። ከመጠጡ በፊት ግን መርዝ ወጣ፤ ዓለምን በሙሉ የሚፈጅ መርዝ። ሁሉም ሸሹ። ሺቫ ብቻ በመዳፉ ቀድቶ ጠጣው። ሚስቱ ሮጣ ጉሮሮውን አንቃ ያዘችው፤ መርዙ ወደ ሆዱም አልወረደ፣ ወደ ውጭም አልተተፋ፣ እዚያው ቀረ። ጉሮሮው ሰማያዊ የሆነው ለዚህ ነው።

"አጥፊ ነው ይሉታል አይደል?" አልኩ፣ በስልኬ አንብቤ ስለነበር።

"ያጠፋል እንጂ! ሦስተኛ ዓይኑን ከከፈተ የሚያየው ሁሉ አመድ ነው። ሲጨፍር ዓለም ያልቃል። ግን ያረጀውን ካላጠፋ አዲሱ የት ይቀመጣል? ታላቁ ወንዝ ከሰማይ ሲወርድ ምድር መሸከም አቅቷት ነበር፤ በጸጉሩ ተቀብሎ ቀስ አድርጎ የለቀቀው ይኸው አጥፊ የምትይው ነው። ቁጣው ፈጣን ነው፣ ምሕረቱም ፈጣን። ሌሎቹ ወርቅ ይፈልጋሉ፤ ለሱ ውሃና ቅጠል ይበቃዋል።"

ውሃና ቅጠል ሲሉ ሲንኩን አየሁት። ፊቴን አዞርኩና ነገሩ አለፈ።

ያልፍ የነበረው እስከ አምስተኛው ሰኞ ነው። ያን ቀን ድንጋዩ ለምን እጅና ፊት እንደሌለው ጠየቅኳቸው። መልክ ስለሌለው ነው አሉኝ፤ ሥዕሉ ለሰው ዓይን ነው እንጂ እሱስ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። አንድ ጊዜ ብራህማና ቪሽኑ የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ አማልክት ማን ይበልጣል ብለው ሲጣሉ፣ በመካከላቸው የእሳት ዓምድ ቆመ። ጫፉን ያገኘ ይበልጣል ተባባሉ። ቪሽኑ ወደ ታች ወረደ፣ ብራህማ ወደ ላይ በረረ፤ ብዙ ሺህ ዓመት ሄደው አላገኙትም። ቪሽኑ ተመልሶ "አላገኘሁም" አለ። ብራህማ ግን ከላይ ስትወርድ ያገኛትን አንዲት አበባ "ጫፉን ሲነካ አይቻለሁ ብለሽ መስክሪልኝ" አላት። አበባዋም መሰከረችለት። ዓምዱ ሲሰነጠቅ ሺቫ ወጣ።

"ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺ አበባ የሱ ፊት አትቀርብም" አሉኝ እማማ። "መዓዛዋ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ግን በሐሰት መሰከረች። እሱ ሁሉን ይችላል፤ በጸሎት ላይ የሚዋሽን ነው የማይችለው።"

አውቀውብኝ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ምንም የለም፤ ተረት እንደሚያወራ ሰው ፈገግ እንዳሉ ናቸው።

ዐቢይ ጾም የገባው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ቀን ልጃቸው ከሕክምና ስትመለስ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ እጇ ላይ አዲስ ድስት ይዛለች። ሰጠችኝ። "እናቴ ናት ግዢላት ያለችኝ" አለች። "ቤታችን ያሉት ድስቶች በሙሉ ቅቤ የነካቸው ናቸው። ይሄ ያንቺ ብቻ ነው። የጾምሽን በዚህ ሥሪ።" እናቷ አጠገባችን ተቀምጠው "ወተት እንዳይነካው ንገሪያት" ይላሉ።

ይሄን ለማን ላውራው! እኔ የሳቸውን ወተት ቱቦ እያጠጣሁ፣ እሳቸው በታመመች ልጃቸው እጅ ለኔ ጾም ድስት ያስገዛሉ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ጊዜ ልናገር ነበር፤ አፌን ከፈትኩና "ታንክ ዩ" ብዬ ዘጋሁት።

የባሰው ግን ገና ነው። የዚያኑ ሳምንት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ፌርፋክስ ወዳለ የሐበሻ ምግብ ቤት ሄድን። ፓርኪንግ ፍለጋ ብሎኩን ሦስቴ ዞርን፤ ቤቱ ሞልቶ ስለነበር የአንደኛዋ ጓደኛዬ አጎት ጋሼ ብቻቸውን የተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ተዳበልን። ጋሼ ስንት ዘመን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በያይነቱ ቀረበ። ጨዋታው ደራ፤ ጓደኛዬ "ያንን የህንዷን ንገሪያቸው" አለችኝ። እኔ ደግሞ ሰው ካሳቅኩ ማቆሚያ የለኝም።

ነገርኩ። ነገርኩ ብቻ አይደለም፣ ተነስቼ አሳየሁ። እጄን እንደሳቸው እያንቀጠቀጥኩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ "ረጠበ?" እያልኩ። ከዚያ ደግሞ ራሴን ሆኜ፣ በጣቴ ጫፍ ወደ ሲንኩ። ከጎን ያለው ጠረጴዛ ሳይቀር ሳቀ። "አንቺ ጀግና!" አለችኝ አንደኛዋ፤ "ሲንኩን እኮ ነው ያስመለክሻቸው!" እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ጋሼ አልሳቁም። ጉርሻቸውን ትሪው ዳር ላይ መልሰው አስቀመጡ።

"ስለት ነው አልሽ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ለማን ነው የተሳሉት?"

"ለልጃቸው። ካንሰር ይዟት ነው።"

"አየሽ፣ አንቺ ጣዖት አላፈረስሽም" አሉኝ ቀስ ብለው። "የእናት ስለት ነው የበላሽው።"

ጓደኛዬ "ኧረ ጋሼ፣ ለድንጋይ የተሳሉት ደሞ ስለት ነው?" አለቻቸው።

"ድንጋዩን አላውቅም፤ እናትን ግን አውቃለሁ" አሉና ከዚያ በኋላ አንዲት ጉርሻ አልነኩም። ያ ሁሉ የሳቀ ሰው ወደ ወጡ ተመለሰ፤ እኔ ግን የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ማክሰኞ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። እውነቱን ልናገር፣ የደወልኩት ጋሼን እንዲቃወሙልኝ ነበር። ታሪኩን ከመጀመሪያው ነግሬ "ለጣዖት ግን አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩም፣ አባቴ" አልኩ።

"ደግ አደረግሽ። ታዲያ 'አላፈስስም' ብለሻቸዋል?"

"አላልኩም።"

"'ፈስሷል' ብለሻቸዋል?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያው ለሃይማኖትሽ አልመሰከርሽም ልጄ። ለሥራሽ ነው የዋሸሽው። ነገ ሂጂና ንገሪያቸው።"

"ከሥራ ቢያባርሩኝስ አባቴ?"

"ያባርሩሻ!" አሉኝ።

ገና ሰባተኛው ሰኞ ማለፉ ነበር። ያኔ ብናገር ከአንድ ይጀመር ነበር፣ ጎረቤቷ ትጠራ ነበር፣ አለቀ። አልተናገርኩም። ነገ እያልኩ፣ እሳቸው ደግሞ ሰኞ ሰኞ እየጾሙ፣ ቀጠለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የኔ እያደር ነው የከበደው። ሲንኩ ውስጥ የማፈስሰው ወተት ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ለመሸፈን ጉሮሮዬን መጥረግ ጀመርኩ። አንድ ሰኞ ልጃቸው ከባድ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል አደረች። ያን ቀን እማማ የፀሐይዋም መጥለቅ ትዝ ሳይላቸው ሳይበሉ አመሹ፤ እኔ ደግሞ ብትሞትስ እያልኩ ወለሉን አምስቴ ወለወልኩት። ብትሞት እኔ ገደልኳት ማለት ነው? በድንጋዩ አላምንም፣ ግን ይሄ ጥያቄ አልለቀኝም።

አልሞተችም። አስራ ስድስተኛው ሰኞ ባለፈ በማግስቱ ውጤት መጣ፤ ንጹሕ ናት ተባለ። ጸጉሯ ረግፎ ሻሽ አስራ፣ ከስታ፣ በሩን ከፍታ ገባችና እናቷን አቀፈች። ተላቀሱ። ከዚያ እማማ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሏት። ያቺ የማትስቀው ሴት ወደኔ መጣች፣ ጎንበስ አለችና በሁለት እጇ እግሬን ነካች፣ ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። በነሱ ወግ የሚከበር ሰው ነው እግሩ የሚነካው። "ውሃውን ያፈሰሰው ያንቺ እጅ ነው፤ እናቴ አመስግኚያት ብላኛለች" አለችኝ።

"ተነሺ! በማርያም ተነሺ!" አልኩ በአማርኛ፤ ወደ ኋላ ሳፈገፍግ ከፍሪጁ ጋር ተጋጨሁ። የትሕትና መስሏቸው ሁለቱም ሳቁ።

ከዚህ በኋላ መቻል አልቻልኩም። በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ተኝታ ሳለች፣ የእማማን ጸጉር ከኋላቸው ቆሜ እያበጠርኩ ነገርኳቸው። ከኋላ የቆምኩት ዓይን ለዓይን እንዳንተያይ ነው፤ እንደማያዩ እንኳ ረስቼው።



"ስንቱን?" አሉኝ።

"ሁሉንም እማማ።"

"ቅጠሉንስ?"

"ቆሻሻ ውስጥ።"

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮሁብኝ በተሻለ ነበር።

"ብትነግሪኝ እኮ ጎረቤቴን አስጠራ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "አልቆጣሽም ነበር። አንቺም የራስሽ አምላክ አለሽ።" ቀጥለውም "እሱ ልጄን ሰጥቶኛል፤ እኔ ግን ስለቴን አልሰጠሁም። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ብዬ እጀምራለሁ፣ በራሴ እጅ። ለልጄ እንዳትነግሪያት። ስለቱ አልደረሰም ብትባል በሽታው ይመለስብኛል ብላ ትደነግጣለች" አሉኝ።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ይቅር ይበሉኝ አልኩ። "ይቅር ብያለሁ፣ አሁን ጸጉሬን ጨርሺልኝ" አሉ።

ሰኞ ጀመሩ። ሰማንያ ሁለት ዓመት ሙሉ የደከመ ሰውነት እንደገና አስራ ስድስት ሰኞ ሊጾም። ማሰሮዋን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ድንጋዩን በክርናቸው ዳብሰው፣ ግማሹን እሱ ላይ ግማሹን ወለሉ ላይ ያፈስሳሉ። እኔ ወገባቸውን እይዛለሁ። ልጃቸው ቤት ውላ አየቻቸውና "እማ፣ ስለቱ አልቋል እኮ! ለምን ትጾሚያለሽ?" አለቻቸው።

"ቁጥሩ ተሳስቶብኝ ነው" አሉ እማማ። "ጎድሏል።"

"አልጎደለም! አስራ ስድስት ነው። አብረን ቆጥረናል።"

"እኔ ተሳስቻለሁ አልኩሽ። አርጅቻለሁ።"

በአራተኛው ሰኞ ልጃቸው ኩሽና ውስጥ ለብቻዬ ያዘችኝ። በእጇ ወረቀት ይዛለች። "እናቴ መርሳት ጀምራለች" አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ለማስታወስ ችሎታ ምርመራ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። ዶክተሩ ጾሙም እንዲቀር፣ መድኃኒትም እንድትጀምር ሊያዝ ይችላል። አንቺ ቀኑን ሙሉ አብረሻት ነሽ። ሌላ የረሳችው ነገር አይተሻል? ጻፊልኝ።" ብዕሩን ሰጠችኝ።

ከወዲያኛው ክፍል እማማ እየሰሙ ይሁን አይሁን አላውቅም። ለኔ ሲሉ ጅል ተብለው፣ ለኔ ሲሉ ያላጡትን አእምሮ አጥተዋል ተብለው ሊመረመሩ ነው። "አትንገሪያት" ብለውኛል፤ ዝም ብል ቃላቸውን ጠበቅኩ ይባላል፣ ዝምታውም ይመቸኛል። ዝምታ መቼ ሳይመቸኝ ቀርቶ ያውቃል!

"ምንም አልረሱም" አልኩ። "ቁጥሩ እውነትም ጎድሏል። ያጎደልኩት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኳት። ቁምሳጥኑን አየች፣ እኔን አየች።

"የት ነበር የምታፈስሺው?"

ወደ ሲንኩ ጠቆምኩ። ውስጡ የጠዋት ሳህኖች ነበሩ። እጅጌዋን ሰብስባ አንድ በአንድ አወጣቻቸው፤ ባዶውን ሲንክ ቆማ አየችው። ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ እያለቀሰች መሆኗን አወቅኩ። ወረቀቱን ቀደደችው።

"ከእንግዲህ ሰኞ ሰኞ አትምጪ" አለችኝ፣ ሳትዞር። "ሰኞ እኔ አለሁ። ሌላውን ቀን ነይ፤ እናቴ ያላንቺ አይሆንላትም።"

ቢያባርሩኝ ይቀለኝ ነበር። ቀጠሮውን ሰረዘች። እማማ ምስጢራቸውን ስላወጣሁባቸው ሁለት ቀን አኮረፉኝ፣ ከዚያ ተዉት። ሰኞ ሰኞ እናትና ልጅ አንዷን ማሰሮ በአራት እጅ ይዘው ያፈስሳሉ፤ የልጃቸውም እጅ ከሕክምናው በኋላ ደህና አይደለም፣ የሚፈስሰው ወደ ወለሉ ነው አብዛኛው። ማክሰኞ ጠዋት ስገባ የደረቀ ወተት ይጠብቀኛል። በመወልወያ አይለቅም። ተንበርክኬ በእጄ በሙቅ ውሃ አሸዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ እንደዚያ ተንበርክኬ ሳለሁ እማማ ከወንበራቸው ሆነው ጠሩኝ።

"ትናንት ስንተኛው ነበር?"

"ልጅዎን አይጠይቋትም እማማ?"

"እሷ መድኃኒቱ ያደክማታል፣ ይምታታባታል። ቁጥሩን አንቺ ያዢልኝ። አንቺ አትረሺውም።"

እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩ።

"ዘጠነኛው ነበር እማማ" አልኳቸው። "ሰባት ይቀራል።"